በናሙና የተሠራው ደረጃ

ውድ እትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ቆመሽ በዋልሽ ቁጥር የሚቆረጥምሽ ወገብሽ ትንሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በትራስ ተደግፈሽ ነው የምትቀመጪው? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? የሌሊት ፈረቃው ተቀየረለት? ትልቁ ልጅሽ ቁመቱ የበሩን ጉበን ደረሰ ብለሽኝ ነበር፤ ጎንበስ ማለትን ከአሁኑ አስተምሪው። ትንሿስ አሁንም ከካልሲ ጋር እንደተጣላች ናት? እኛ ሁላችንም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ዓይን ብቻ ነው። እኔም ሱቄ ውስጥ ከክርና ከልብስ ቁልፎቼ ጋር እየተነታረክሁ አለሁ። ጸጉሬ ትንሽ ሸብቷል፤ ገበያዬ ግን እስካሁን ሽበት አላወጣም።

በስልክ የምነግርሽ ሁሉ ቁርጥራጭ እንደሆነብሽ አውቃለሁ። «ቤቱስ?» ስትዪኝ «እየተሠራ ነው»፣ «እማዬስ?» ስትዪኝ «እየተሻላት ነው» እያልኩ፣ አንድ ደንበኛ ዚፕ ይዞ ከፊቴ በቆመ ቁጥር እየዘጋሁብሽ ከረምኩ። ዛሬ ግን ሱቁን ዘግቼ፣ የየዕለት ማስታወሻዬን ከፊቴ ዘርግቼ፣ ነገሩን ከራሱ እስከ ጭራው ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ። የጨመርኩት ነገር የለም። የቀነስኩት ካለ የአክስታችንን ባል ስድቦች ነው፤ እነሱንም የተውኳቸው ወረቀት እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።

እማዬ በገዛ ደጇ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አክስታችን ቤት መተኛቷን ታውቂያለሽ። አክስታችን ምንም አላጎደለችባትም፤ እንዲያውም ደግነቷ በዛ። ትራሷን ታስተካክላለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ ቴሌቪዥን ትከፍታለች፣ «ተኚ፣ አትነሺ፣ እኔ አለሁልሽ» ትላለች። ታላቅ እህቷን መልሳ ልጅ አደረገቻት። እማዬ ደግሞ ሰው ሲያገለግላት እጇን የት እንደምታደርገው የማታውቅ ሴት ናት። አጥንቱ ገጥሟል ተባለ፤ እሷ ግን አልተነሳችም። እንቅስቃሴ የምታሠራት ነርስ እየመጣች «እማማ፣ እስቲ እግርዎን ያንሱ» ስትላት «የት ልሄድበት?» ትላታለች።

አንድ ቀን ሁላችንንም ጠራችና ቁርጡን ተናገረች። «ሰው ተሸክሞኝ ቤቴ አልገባም። በእግሬ ከገባሁ ገባሁ። ዝናቡ ሳይጀምር ካልሆነ ግን ቤቱን ለሚራመድ ሰው አከራዩት» አለች። ከዚያ በኋላ ዕቃዋን ማከፋፈል ጀመረች። ትልቁን ድስት ለአክስታችን፣ የቁም መስታወቱን ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ፣ ባለ መደገፊያውን ወንበር ለእኔ ሰጠች። አንቺም ይህን በስልክ ሰምተሽ ያለቀስሽው ያኔ ነው። እኔ መቼም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ አላለቀስኩም። ሜትር ይዤ ሄጄ ደረጃውን ለካሁት።

ሦስቱ ደረጃዎች ትዝ ይሉሻል? አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቤቱን ሲያሠራ በራሱ ቅልጥም ልክ ነው ያስወጣቸው። እሱ እንደ ሽመላ ይራመድባቸው ነበር፤ እኛ ልጆቹ እስክናድግ ድረስ በእጅም በእግርም ነበር የምንወጣቸው። አሁን ጠርዛቸው ተሸርፏል፣ የሚይዙት ነገር የላቸውም፣ ውሃ ሲነካቸው ያሟልጫሉ። ነርሷን ጠየቅኳት። «ደረጃዎቹ ዝቅ ያሉና እኩል ከሆኑ፣ መያዣም ካላቸው፣ እናታችሁ ይወጡታል። ተኝተው ከቆዩ ግን እግራቸው ሥራውን ይረሳል» አለችኝ። ስለዚህ የሚሠራው ታወቀ። ደረጃው ይለወጥ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የማያንሸራትት ይሁን፣ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ያቁም። የቀረው ሠሪውን ማግኘት ነበር።

ኮንትራክተር ልፈልግ ነው ብዬ ባወራሁበት ቀን ኮንትራክተር የማያውቅ ሰው ጠፋ። ዳቦ ሻጩ የሚስቱን ወንድም አመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ የእሷን ጓዳ ያደሰላትን ጠቆመች፣ አንድ ደንበኛዬም ገበር እያስለካ ሳለ አንዱን በስልክ ጠራልኝ። በጠቅላላው ሦስት ሰዎች መጡ።

የመጀመሪያው ለግንባታ ሥራ ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣ ነው። ጓዳው ያፈሳል አልኩት፤ ሽቅብ ሳያይ «ችግር የለም» አለ። እናቴ እግሯ ደካማ ነው አልኩት፤ «ችግር የለም» አለ። ችግር ከሌለማ ምን ልትሠራ መጣህ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለተኛው ዝምተኛ ነው። ስንት ጊዜ ይፈጃል ስለው «እናያለን»፣ ዝናቡ ሳይጀምር ይደርሳል ወይ ስለው «እናያለን»። ስምህ ማነው ብለው ራሱ እናያለን የሚለኝ መሰለኝ።

ሦስተኛው ከቀጠሮው እጅግ ዘግይቶ፣ ሆዱ ቀድሞት፣ ድምፁ ደግሞ ሆዱን ቀድሞት ገባ። ሠራተኞቹ «አፍርሱት» ይሉታል፤ የትም ቦታ ሲደርስ ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ቃል ስለሆነ ነው። የእኛንም ደረጃ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «አፍርሱት» አለ። ለማን እንዳለው እንጃ፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ከዚያ ሻይ ቀረበለትና የትኛውን ሆቴል ማን እንዳበላሸውና እሱ እንዴት እንዳዳነው ሲያወራልኝ ፀሐይዋ ከበረንዳው ወጣች።

እትዬ፣ እኔ ዚፕ ሳልከፍትና ሳልዘጋ ካርቶን አላነሳም። ክር ከሆነ እበጥሰዋለሁ፤ ጨርቅ ከሆነ ጫፉን አጥበዋለሁ። በዚህ ሙያ ሳልታለል የኖርኩት ሻጭ የሚለውን ሰምቼ ሳይሆን ናሙናውን ፈትኜ ነው። ታዲያ ለሦስቱም ምን አልኳቸው መሰለሽ? «ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፣ እናንተም ሦስት ናችሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ደረጃ ሥሩልኝ። ሥራው ያማረልኝ ሰው ቤቱን በሙሉ ይወስዳል» አልኳቸው። ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ በራሴ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቂኝ። ማስታወሻዬ ላይ «ዛሬ ብልህ ሥራ ሠራሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይኸውና ከፊቴ አለ፤ አልሰረዝኩትም።

ነጭ ጫማው «ችግር የለም» አለ። ዝምተኛው «እናያለን» አለ። አፍርሱት ግን ሻዩን እስከ ዝቃጩ ጨርሶ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እመቤት፣ ደረጃ በችርቻሮ አይሠራም» ብሎኝ ወጣ። እኔም በሆዴ «ሂድ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አልኩት። ናሙና ማሳየት የሚፈራ ሻጭ ዕቃው የተበላሸ ነው፤ ይህ እስከዚያ ቀን ድረስ ስቶኝ የማያውቅ ሕጌ ነበር።

እሱ ሲሄድ ሦስተኛው ደረጃ ወላጅ አልባ ሆኖ ቀረ። ይህን የሰማው የአክስታችን ባል ተነሣ። «እኔስ እጅ የለኝም? ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዳሁ አቀበት ስወጣ የኖርኩ ሰው አንዲት ደረጃ ታቅተኛለች?» አሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዝዙት ሞተር አጥተው ሲቅበጠበጡ ስለማይ እምቢ ማለት ከበደኝ። ደግሞም ያለ ክፍያ ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ምን ላድርግ።

ሦስቱ በየራሳቸው ቀን መጥተው ሠሩ። አንዱ ሌላውን አላየም፤ አንዱም የሌላውን ሥራ አልለካም። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ሲያልቅ ሄጄ አየሁት። የታችኛውን ነጭ ጫማው እንደ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አልብሶታል፤ ከመሬት እምብዛም አይለይም። መካከለኛውን ዝምተኛው በሲሚንቶ ልስን ሠርቶታል፤ ሥራው ጠንካራ ነው፣ ቁመቱ ግን አባባ ከመቃብር ተነስቶ ይወጣበታል ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የላይኛውን የአክስታችን ባል በጥርብ ድንጋይ ሠርተው፣ ውሃ እንዳይተኛበት በማለት ወደ ደጅ አዘንብለውታል። ውሃው እንዲወርድ ነው ያሰቡት፤ ሰውም አብሮ እንደሚወርድ አላሰቡም። እግሬን አንስቼ ልሞክረው አልኩ። የመጀመሪያውን ሳልሰማው አለፍኩት፣ ሁለተኛው ጉልበቴን መታኝ፣ ሦስተኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው ላከኝ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቿን እያመጣች ታሳያቸው ነበር። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሁለቴ ተንገዳግዶ ከወጣ በኋላ «ይሄ ደረጃ ነው ወይስ የመንጃ ፈቃድ ፈተና?» አለኝ። ነጭ ጫማውን ጠርቼ ብጠይቀው «የእኔ ችግር የለበትም፣ የእሱ ነው ከፍ ያለው» አለ። ዝምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አንደበቱ ተፈቶ «የእሱ ነው ዝቅ ያለው» አለ። የአክስታችን ባል ደግሞ «ጥፋቱ የታችኞቹ ነው፤ እናንተ የእኔን ብቻ ለይታችሁ ውጡበት» ይላሉ። ሁለቱን ለድካማቸው ከፍዬ፣ አመስግኜ አሰናበትኳቸው። የአክስታችንን ባል ግን የት ላሰናብታቸው? ዘመድ ናቸው።

ቀልዱ እዚህ ላይ አበቃ። የሰማዩ ጥግ መጥቆር ጀምሯል፤ ደረጃው ከፊተኛው ብሶ ቁጭ ብሏል፤ እማዬም ከዕቃዎቿ የቀረውን ለማን እንደምትሰጥ እያሰበች ትተኛለች። እንዳትሰማ ብዬ ነበር። የአክስታችን ባል ግን ተበደልኩ ብለው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወቷት። እሷም ሰምታ ሰምታ፣ «ቆይ፣ ለሦስት ሰው አንድ አንድ?» ብላ ጠየቀች። «አዎ» ሲሏት ፈነዳች። አክስታችን ትን ያላት መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። «ልጄ ደረጃ እንደ ቁልፍ በፍሬ ገዛች!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ሳቋን ስንሰማ ያ መጀመሪያው ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበርና በራሴ ኪሳራ ስትስቅ ሳያት እንዲህ ያለ ትርፍ አግኝቼ አላውቅም አልኩ።

ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና «ያ በችርቻሮ አልሠራም ያለው ሰውዬ የት ነው? እሱን አምጪልኝ» አለችኝ።

ለነጋዴ ሰው፣ ሂድ ብሎ ወደሰደደው ሻጭ ተመልሶ መሄድ ምን እንደሚመስል አንቺ አታውቂውም። ዋጋ ይጨምርብሻል። ጨመረብኝም። አፍርሱትን ያገኘሁት አንድ ፎቅ ሥር አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹን ሲያዝዝ ነው። የሆነውን ስነግረው እስኪያነጥሰው ሳቀ። «ለሥራው አይደለም፣ ለማየቱ ስል እመጣለሁ» አለኝ። በማግስቱ፣ አርፍዶ ማለቴ ነው፣ ሠራተኞቹን በሙሉ አስከትሎ መጣና እንደ ሙዚየም አሰልፎ አስጎበኛቸው። «እዩት፣ ይህ ሦስት ሰው ተጣልቶ የሠራው ነው» አላቸው። «አልተጣሉም፣ አልተገናኙም እንጂ» አልኩት። «እሱ ይብሳል» አለኝ። ከዚያ ዘወር ብሎ «አፍርሱት» አለ። በዚህ ጊዜ የሚሰማው ሰው ነበረው።

ድንጋዩ እየተፈነቀለ ሳለ «የሚወጣበት ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እግራቸውን ሳላይ አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ አላነሳም» አለ። ጣውላዎች አስይዤ አክስታችን ቤት ወሰድኩት። እማዬ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «አፍርሱት የሚሉህ አንተ ነህ? ታዲያ መጀመሪያ ያንን ሆድ ብታፈርሰው ምናለ» አለችው። «እማማ፣ እሱ እኮ ተሸካሚ ግድግዳ ነው፤ ከተነካ ሁሉም ይወርዳል» አላት። አክስታችን ደነገጠች፤ እማዬ ግን ትራሷን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች። የሚመልስላት ሰው ካገኘች ቆይታ ነበር።

ጣውላዎቹን አልጋዋ ሥር ደራረበና «ይርገጡልኝ» አላት። «ዛሬ አይደለም» አለች። አንዱን ጣውላ አነሳ። «አሁንስ?» አላት። «አልኩህ እኮ።» ሌላውንም አነሳ። እንዲህ እያለ አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ሲቀር «እንግዲያው በዚህ ልክ እሠራዋለሁ። ቁመቱ ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል፤ ደረጃው ከበሩ ተነስቶ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ይደርሳል። ችግር የለውም፣ አላፊ አግዳሚው ይቀመጥበታል» አላት። እማዬ ፊቷ ቀላ። «ቤቴን የመሥሪያ ቤት በር ልታደርገው ነው?» አለችው። «እኔ አይደለሁም፤ እግርዎ ነው» አላት። የቀረውን ጣውላ አየችና «መልሰው» አለች። «የቱን?» «ያነሳኸውን ነዋ!»

እትዬ፣ ትከሻዬን ይዛ ተነሳች። አክስታችን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። እማዬ እግሯን ስታነሳ ጣቶቿ ሥጋዬ ውስጥ ሲገቡ ይሰማኝ ነበር። ረገጠችው። ቆመችበት። ከላይ ሆና አፍርሱትን ቁልቁል አየችውና «አንድ ጨምር» አለችው። «ዛሬ አልጨምርም» አላት እሱ። «ጣውላውን እዚሁ ትቼዋለሁ። ተመልሼ ስመጣ የቻሉትን ያህል እለካለሁ፤ የደረጃው ቁመት ያ ነው።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ልምምዱን የሚያስቆማት ጠፋ። ቁርስ ሳትበላ ጣውላ ላይ ናት፤ ቴሌቪዥን እያየች ጣውላ ላይ ናት። ነርሷ መጥታ ስታያት ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመችና «እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለምንዎ እምቢ ብለው፣ ለግንበኛ ነው የተነሡት?» አለቻት። «አንቺ ትለምኛለሽ፣ እሱ ይሰድበኛል» አለቻት እማዬ።

ሁሉም ነገር መልክ መልክ ያዘ ስል ደግሞ አፍርሱት ጠፋ። ደረጃው ፈርሷል፣ በሩ ከጉድጓድ በላይ ተንጠልጥሏል፣ እሱ የለም። ስልኩን ያነሳና «እየመጣሁ ነው» ብሎ ይዘጋል። ለካስ ሌላ ሰፈር ትልቅ ሥራ አግኝቶ እሱ ጋ ከርሟል። እማዬ በየቀኑ «ደረጃዬ ደረሰ?» ትለኛለች። «እየደረሰ ነው» እላታለሁ። «ዝናቡም እየደረሰ ነው» ትለኛለች። በአንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አቧራውን ሲያነሳውና ሰዎች የተሰጣ ልብሳቸውን ሲሰበስቡ ሳይ ጭንቅ ያዘኝ። ያን ጊዜ ቤቱን ሊከራይ የፈለገ አንድ ሰው ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ለአክስታችን እንኳ ሳልነግራት ትንሽ ቆይልኝ አልኩት።

መጮህ እንደማይጠቅም አውቃለሁ። የሚጮህ ሰው ሲደክመው ይሄዳል፤ የተቀመጠ ሰው ግን አይደክመውም። የተደባለቁ ቁልፎቼን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ፣ ትንሽ በርጩማ ይዤ፣ አፍርሱት ወደሚሠራበት ግቢ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጥኩና ቁልፎቹን በየመጠናቸው እለይ ጀመር። ሰላም አልኩት እንጂ ስለ ደረጃ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አላየሁም አለ። በዚህ መሀል አንዱ ሠራተኛ ሸሚዙ ቁልፍ እንደጎደለው አስተዋለና መጥቶ ገዛ። ሌላው ለሱሪው ዚፕ ጠየቀኝ። በማግስቱ ዚፕም፣ መርፌም፣ ላስቲክም ይዤ መጣሁ። የጎረቤት ሴቶች ሰሙ። አሸዋ የሚያቦኩት ቁልፍ ሲመርጡ፣ ድንጋይ የሚያቀብሉት ዋጋ ሲከራከሩ፣ ግቢው ገበያ ሆነ፤ ሥራው ቆመ።

አፍርሱት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጥቶ ቆመብኝ። «እመቤት፣ እስከ መቼ ሊቀመጡ ነው?» አለኝ። «ደረጃዬ እስኪያልቅ ነበር። አሁን ግን እንጃ፣ ቦታውን ወደድኩት» አልኩት። ከረጢቱን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ፣ ሰማዩንም አየ። በማግስቱ ማለዳ፣ ማለዳ ነው የምልሽ፣ እማዬ ቤት ደጃፍ ላይ ሲሚንቶ ሲያስቦካ አገኘሁት። ከሰው ሁሉ ቀድሞ የመጣበትን ቀን ይኸውና ማስታወሻዬ ላይ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሮጠ። ሄዶ እማዬን ሲለካት ከነበረው እጥፍ የሚሆን ቁመት ትወጣለች። እሱ አምስት ደረጃ ይሁን አለ፣ እሷ ሦስት ይበቃኛል አለች፣ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አራት ላይ ተስማሙ፤ ሁለቱም እኔ አሸነፍኩ ይላሉ። አራቱም እንደ መንታ ልጆች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሻካራ፣ ሰፋፊ፣ ሙሉ ጫማ የሚያስረግጡ። የበሩ ደፍ ከወለሉ እኩል ሆነ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ ቢደፋበትም እግር ይይዛል፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለው። ጓዳውን በባልዲ ውሃ ጣሪያው ላይ አስደፍቼ ፈትኜዋለሁ፤ ጠብ የሚል የለም፤ ናሙና መፈተኑን ጨርሶ አልተውኩም። በአራቱ ደረጃዎች ዳር ጠንካራ የብረት መደገፊያ ተተከለ።

እሷን ለማስገባት በተቀጠረው እሑድ ሁላችንም ተሰበሰብን። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ግን ገና አልጀመረም። ታክሲው ደጃፍ ላይ ሲቆም አፍርሱት ፀጉሩን ተበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ አባት ቆሟል። እማዬ ወረደችና እጇን ወደ መደገፊያው ስትዘረጋ «አይንኩት!» ብሎ ጮኸ። ለካስ እንዲያምርላት ብሎ በዚያው ጠዋት አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ አልደረቀም! አክስታችን «አሁን ይህ ሰው ጤና ነው?» አለች። የአክስታችን ባል «ሦስት ወር ሙሉ የት ነበርክ ዛሬ የምትቀባ?» ብለው ጀመሩ፤ የቀረውን ትቼዋለሁ። እኔ በጨርቅ እንጠቅልለው አልኩ፣ ሌላው በወንበር እናንሳት አለ፣ ልብስ ሰፊዋ ነገ ይሁን አለች። ሁላችንም ባንድ አፍ እየተንጫጫን ሳለ እማዬ «ዞር በሉልኝ» አለች።

ዞር አልንላት። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አደረገች። የመጀመሪያውን ወጣች። የአክስታችን ባል ከኋላዋ ዶሮ እንደሚይዝ ሰው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ ብለዋል። ሁለተኛውን ወጣች። ቆመችና ተነፈሰች። አፍርሱት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ደረጃዎቹን ይቆጥር ነበር። ሦስተኛውን ወጣች። አራተኛው ላይ እግሯ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እጄን ልሰድ ስል ሳታየኝ «እንዳትነኪኝ» አለችኝ። ከዚያ ደፉን አለፈች። ምንም ነገር ሳትይዝ፣ በእግሯ፣ ቤቷ ገባች። ያን ጊዜስ እትዬ፣ አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። አክስታችንም አለቀሰች። አፍርሱት ዓይኑን ሲጠርግ እጁ ላይ የነበረው ቀለም ግንባሩ ላይ ቀረ፤ ማንም አልነገረውም።

እማዬ ግን ለለቅሶ ጊዜ አልሰጠችንም። ቤቱን እየዞረች መረመረችው። የመታጠቢያ ቤቱ መያዣ ከፍ ብሏል አለች። የጓዳው ቀለም የሆስፒታል ይመስላል አለች። ድስቴ የት ሄደ አለች፤ አክስታችን «አንቺው ነሽ የሰጠሽኝ» ስትላት «ስሞት ነው ያልኩሽ፣ ሞቻለሁ?» አለቻት። መስታወቱም ወንበሩም እስከ ምሽት እንዲመለሱ ታዘዘ። ልብስ ሰፊዋ መስታወቱን አቅፋ ስትመጣ ማየት ነበረብሽ። እኛም እየሳቅን ተቀመጥን፤ አንዱ ትራስ ያመጣል፣ አንዱ ውሃ ያቀርባል፣ አክስታችንም «ዛሬ እዚሁ ከአንቺ ጋር አድራለሁ» ማለት ጀመረች።

እማዬ ይህን ስትሰማ ተነሳችና በሩን ከፈተች። «በሉ ልጆቼ፣ ደክሟችኋል። ሂዱ ወደየቤታችሁ» አለች። ቀልድ መስሎን ተቀመጥን። አልነበረም። አንድ በአንድ ሸኘችን፤ አክስታችንን ከነትራሷ፣ አፍርሱትን ከነግንባሩ፣ እኔን በመጨረሻ። አራቱን ደረጃ ወርደን ደጅ ላይ ስንቆም በሩ ከኋላችን ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማን። ወዲያው የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወረደ። ሁላችንም እየረጠብን ቆመን ቀረን፤ መሄድ ያቃተን ከውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ውሃ ሲቀዳ፣ እሷም ለራሷ ስታንጎራጉር ስለሰማን ነው። አክስታችን ተመልሳ ደረጃውን ወጥታ «እህቴ፣ ነገ በማለዳ እመጣለሁ!» ብላ ጮኸች። «ነይ፤ ስትመጪ ግን አንኳኪ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መለሰላት።

ይኸው ነው እትዬ፤ ሙሉው ወሬ። የአክስታችን ባል ባለቤትሽን በጥብቅ ሰላም ብለዋል፤ ቤት ካሠራችሁ ለምክር ዝግጁ ነኝ ይላሉ፤ ስልካቸውን ግን አልጻፍኩልሽም። አክስታችን ዓይንሽን ትስማለች፤ ወገብሽ ላይ ሙቅ ውሃ በላስቲክ አድርገሽ እንድትይዢ ብላለች። ትልቁን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ከደረስሽበት። ለትንሿ ከካልሲ ጋር እንድትታረቅ ብዬ ዓሣ የሚመስሉ ቁልፎች ልኬላታለሁ፤ ካልሲው ጫፍ ላይ ስፊላት። ባለቤትሽን በእኔ ስም ጨብጪልኝ። እማዬ ደግሞ ሰላም ብላ ትስምሻለች፤ «ጤናዬን እንዳትጠይቀኝ፣ መጥታ ትየኝ፤ እሷም ብትሆን ታንኳኳ» ብላለች።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከሱቄ፣ ከቁልፍ ሣጥኖቹ መሀል፣
ሰኔ 6 ቀን፣ ዝናቡ ሳያባራ